ክረምቱ ሲያልቅ ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት ሰዓት መመለስ፤ ለድሬ ቤተሰብ

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የድሬ ልጅ ሰዓት አያውቅም። ማታ ሙቀቱ እስኪበርድ ግቢ ውስጥ ሲሯሯጥ ያመሻል። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተለምኖ ይተኛል። ጠዋት ደግሞ እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል የሚቀሰቅሰው የለም። ክረምት ነው፣ ይተኛ እንላለን። ትምህርት ቤቱ ሁለት ሰዓት ላይ እንደሚደውል ትዝ የሚለን ዘግይቶ ነው።

አብዛኞቻችን በዚህ ሰሞን የምንሯሯጠው ለደብተርና ለዩኒፎርም ነው። እሱ ብር ካለ በአንድ ቅዳሜ ያልቃል። ብር የማይፈታው የልጁ እንቅልፍና የከተማው ሙቀት ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ብዙውን ቦታ ለሁለቱ ሰጥቼ ገበያውን በአጭሩ አልፈዋለሁ።

1. ቀኑንና ፈረቃውን እርግጠኛ ሁኑ

ለምዝገባ ስትሄዱ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ትምህርት የሚጀመርበትን ቀን፣ የመግቢያ ሰዓቱን፣ ፈረቃ ካለ ደግሞ ልጁ የጠዋት ይሁን የከሰዓት። «ሰኞ ነው አሉ» በሚል የጎረቤት ወሬ አትሂዱ። ቀኑን ከያዛችሁ ከእሱ ወደ ኋላ ሁለት ሳምንት ቁጠሩ። ሥራው የሚጀመረው ያን ቀን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነሐሴ መጨረሻ ወይም ጳጉሜን ላይ ይውላል።

2. ልጆቹን ከአያት ቤት በጊዜ አውርዱ

የድሬ ልጅ ክረምቱን ሐረር ወይም ሐረማያ ዘመድ ጋ መክረሙ የተለመደ ነው። ጥሩ ነው፤ እዚያ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ልጁም ይፋፋል። ሐረር ከእኛ የምትርቀው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ማታ ብርድ ልብስ ይፈለጋል። ሁለት ወር እዚያ የከረመ ልጅ ሰውነቱ የድሬን ሙቀት ረስቷል።

ሰውነት ሙቀትን መልሶ ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ክፍል ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው የሚወርድ ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት ራሱን እያመመው፣ እያንቀላፋና ምሳውን እየመለሰ ነው የሚያሳልፈው። ከዚያ «ልጁ ትምህርት ጠልቷል» ይባላል። ልጁ የጠላው ሙቀቱን ነው።

እዚህ ላይ ትልቁ ድርድር ከአያት ጋር ነው። «ዘመን መለወጫን እዚሁ ይዋልና ይምጣ» ማለታቸው አይቀርም። ከእሳቸው ጋር መከራከር አያዋጣም። «እማማ፣ ዘንድሮ እርስዎ ወደ እኛ ይውረዱና በዓሉን አብረን እንዋል» ማለት ይሻላል። እሺ ካሉ ቤቱም ይደምቃል፣ ልጁም በጊዜ ይመጣል።

በጉዞው ቀን የደንገጎን ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ አትርሱ። መኪና የሚያመው ልጅ ካለ ከመነሳታችሁ በፊት ወተትና ቅባት የበዛበት ምግብ አትስጡት። ትንሽ ደረቅ ዳቦ ይበቃዋል። በመስኮት በኩል ተቀምጦ ሩቁን ይይ፤ ስልክ ላይ ካፈጠጠ ያስመልሰዋል። ፌስታል ደግሞ ያዙ።

ከወረደ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ከረፋዱ አምስት እስከ ከሰዓት አሥር ሰዓት ጥላ ውስጥ ይዋል። ኳሱን ጠዋት ወይም ማታ ይጫወት። ውሃ ሲጠማው ብቻ ሳይሆን በየሰዓቱ ይጠጣ።

3. የመነሻ ሰዓቱን ቀስ በቀስ አስቀድሙ

ብዙ ወላጅ «ዛሬ በጊዜ ተኛ» ብሎ ይጀምራል። ልጁ ግን እንቅልፉ አልመጣም። አልጋ ላይ ይገላበጣል፣ ውሃ ይጠይቃል፣ ሽንቴ መጣ ይላል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ይቆጣል። ልጅን በግድ ማስተኛት አይቻልም። መቀስቀስ ግን ይቻላል። ስለዚህ ከጠዋቱ ጀምሩ።

መጀመሪያ ሒሳቡ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ከ13 እስከ 18 ያለው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይበቃዋል። የሙአለ ሕፃናት ልጆች የቀን እንቅልፋቸው ተጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ይፈልጋሉ። ትምህርት ቤቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከሆነ፣ ለመታጠብ፣ ለቁርስና ለመንገድ የሚሆነውን ስትቀንሱ መነሻው 12፡15 አካባቢ ይሆናል። የሦስተኛ ክፍል ልጅ 12፡15 ለመነሳት ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቢዘገይ ሦስት ሰዓት ላይ መተኛት አለበት ማለት ነው።

አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሳን ልጅ ወደ 12፡15 ለማምጣት ሦስት ሰዓት ከሩብ መቀነስ አለባችሁ። በቀን 20 ደቂቃ ብታስቀድሙ አሥር ቀን ገደማ ይወስዳል። እንዲህ አድርጉት፦

በመጀመሪያው ቀን 3፡10 ላይ ቀስቅሱት፣ በማግስቱ 2፡50 ላይ፣ እንዲያ እያላችሁ ቀጥሉ። እንደተነሳ ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ። ፊቱን ግቢ ውስጥ ይታጠብ፣ ዳቦ ይግዛ፣ ዶሮ ካላችሁ ይፍታ። የጠዋት ብርሃን አእምሮውን «ነግቷል» ብሎ ሰዓቱን ያስተካክልለታል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ተነስቶ ስልክ ከከፈተ ግን ግማሹን ድካማችሁን ውሃ በላው።

የቀን እንቅልፍን በተመለከተ ድሬ ላይ ከባድ ፈተና አለ። ከምሳ በኋላ ከተማው ሁሉ ይጋደማል። ትልልቆቹም። ልጁ ብቻ አይተኛ ማለት ፍትሐዊ አይደለም። ስለዚህ ከአምስት ዓመት በላይ የሆነው እስከ ግማሽ ሰዓት ይተኛ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከመድረሱ በፊት ግን ይነሳ። አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ የተኛ ልጅ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይተኛል ብላችሁ አትጠብቁ።

ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ቴሌቪዥንና ስልክ ይዘጋ። እዚህ ላይ ታዳጊዎቹ ያስቸግራሉ። ቲክቶክ ላይ ያለን የአሥረኛ ክፍል ልጅ ስልኩን ከእጁ መንጠቅ ጦርነት ነው። የተሻለው መንገድ ቤት ውስጥ ያለ ስልክ ሁሉ፣ የአባትም የእናትም፣ ሳሎን ውስጥ በአንድ ቦታ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ እንዲያድር ማድረግ ነው። አባትየው አልጋ ላይ እያየ ልጁን «አታይ» ካለ አይሠራም።

የዘመን መለወጫ ዋዜማ መሀል ላይ ይገባል። ያን ማታ ተዉት፣ ያምሽ። በማግስቱ ግን መነሻ ሰዓቱን ቢበዛ በአንድ ሰዓት ብቻ አዘግዩ። ሁለት ቀን ከተለቀቀ እንደገና ከሥር መጀመር ነው።

የከሰዓት ፈረቃ የደረሰው ልጅ ያላችሁ «ተገላገልን» እንዳትሉ። እሱም ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሳያልፍ ይነሳ። ጠዋት የድሬ ምርጥ ሰዓት ነው፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ጭንቅላት ንጹህ ነው። የቤት ሥራው ያኔ ይሠራ። አራት ሰዓት ላይ ተነስቶ፣ ቁርስና ምሳን አንድ ላይ በልቶ፣ በቀትር ፀሐይ ወደ ክፍል የሚሄድ ልጅ ምንም አይገባውም።

4. የሚተኙበትን ቦታ አብርዱ

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የድሬ መኝታ ክፍል ገና እንደጋለ ነው። ቀን የጠጣውን ሙቀት ቆርቆሮውና ግድግዳው መልሰው የሚተፉት ማታ ነው። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ «ተኛ» ማለት ቅጣት ነው።

ቀን ፀሐይ የሚገባበትን መስኮት መጋረጃውን ዝጉ። ማታ አየር ሲቀዘቅዝ ትይዩ ያሉትን መስኮቶች ክፈቱ፣ የትንኝ ወንፊት ካላቸው። ግቢውን አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ውሃ እርጩት። ልጁ ከመተኛቱ በፊት ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ላዩ ላይ ያፍስስና በስሱ ጥጥ ልብስ ይተኛ። ቬንቲሌተር ካለ ፊቱ ላይ ቀጥታ አታድርጉት፤ ክፍሉን ያዙር። መብራት ከጠፋ ሁሉም ነገር እንደገና ከዜሮ ነው፣ እሱን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ግቢ ውስጥ መተኛት የለመደ ቤተሰብ ይቀጥል፤ እኔ እንዲያውም ከክፍሉ እመርጠዋለሁ። ግን አጎበር ይኑር፣ ጫፉም ፍራሹ ሥር ይታጠፍ። ሌላው ችግር ጨዋታ ነው። ትልልቆቹ እዚያው አጠገብ ቁጭ ብለው ካወሩ ልጅ አይተኛም። ወሬው ወደ በሩ በኩል ይዛወር።

5. በርሜሉን ክደኑ

ይህ ከትምህርት ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። መስከረም ላይ ልጅ ከክፍል የሚቀረው ብዙ ጊዜ በትኩሳት ነው። ድሬ በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ወረርሽኝ፣ በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ደግሞ የችኩንጉኒያ ወረርሽኝ አይታለች። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነክሰው በቀን ነው፤ የምትራባውም ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ንጹህ ውሃ ላይ ነው። ወባም ድሮ እንደምናስበው የረግረግ ብቻ አይደለችም። በበርሜልና በገንዳ ውሃ የምትራባ ሌላ የወባ ትንኝ ከተማችን ውስጥ ተገኝታለች።

ውሃ በየቀኑ ስለማይመጣ ማጠራቀም ግድ ነው። ስለዚህ በርሜሉንና ሮቶውን በደንብ ክደኑ። በሳምንት አንድ ቀን ባዶ አድርጋችሁ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉት፤ የትንኟ እንቁላል ጎኑ ላይ ተጣብቆ ይቀራልና ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም። ክረምቱን ግቢ የተጣለ ጎማ፣ ቆርቆሮና የተሰበረ ባልዲ ይውጣ። ልጆቹን አሠሯቸው፣ ይወዱታል።

ልጁ ትኩሳት ከያዘው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ደሙ ይታይ። ደንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ አስፕሪንም ሆነ አይቡፕሮፌን አትስጡ፤ የመድማት አደጋ ያመጣል። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ ይሰጠው።

6. ገበያው

ዩኒፎርም የሚሰፋ ከሆነ ጳጉሜን ሳይገባ ልብስ ሰፊው ጋ አድርሱ። ጳጉሜን ላይ «ነገ ና» ነው መልሱ። ጨርቁ ጥጥ የበዛበት ይሁን፤ ሙሉ በሙሉ ፖሊስተር የሆነው ላብ አይጠጣም። ሱሪና ቀሚሱ ታች ሦስት ጣት ያህል ትርፍ ይታጠፍበት፣ በሁለተኛው መንፈቅ ትፈቱታላችሁ።

ጫማ ከሰዓት በኋላ ለኩ። በሙቀት እግር ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የሆነው ቀትር ላይ ይጨንቃል። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይቅር። የቀፊራንና የአሸዋን ገበያ ዞራችሁ ዋጋ ሳታነጻጽሩ አትግዙ። ቦርሳ ከሰልባጅ ብትገዙ አያሳፍርም፤ ከአዲሱ ርካሽ ቦርሳ የተሻለ ስፌት ያለው ይገኛል። ትከሻ ማንጠልጠያው ሰፊ ይሁን። የተሞላው ቦርሳ ክብደት ከልጁ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። 25 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከሁለት ተኩል እስከ አራት ኪሎ የማይሞላ ማለት ነው። ሁሉንም ደብተር በየቀኑ መሸከም የለበትም፣ የዕለቱን ፕሮግራም አይቶ ማታ ይለይ።

የዓምናውን ደብተር አትጣሉ። ያልተጻፈበትን ቅጠል አውጥታችሁ በመርፌና ክር ስፉት። ለሒሳብ መሞከሪያ ይሆናል።

7. መንገዱን አብራችሁ ሂዱበት

ክፍል ከመጀመሩ በፊት በአንዱ ጠዋት ልጁ በሚሄድበት ሰዓት አብራችሁ ሂዱ። ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ የትኛው መስቀለኛ መንገድ ላይ ባጃጅ እንደሚበዛ ታያላችሁ።

መንገዳቸው የደቻቱን ወንዝ የሚያቋርጥ ልጆች ያሏችሁ ይህን አስረግጣችሁ ንገሯቸው፦ በድልድዩ ብቻ። አሸዋው ደረቅ ስለሆነ አቋራጭ ይመስላል። ጎርፉ ግን የሚመጣው ከላይ ከተራራው ነው፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። የዛሬ ልጆች ያን አያውቁም፣ ለእነሱ ደቻቱ መጫወቻ ነው። መስከረምም ቢሆን ዝናቡ አልቆረጠም። ጎርፍ ወርዶ ድልድዩ ጋ ሰው ከቆመ፣ ቢያረፍዱም ቆመው ይጠብቁ። ማርፈዱን መምህሩ ይረዳል ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ልጅ አደጋ ውስጥ የሚገባው ቅጣት ሲፈራ ነው።

የባጃጅ ደንበኛ የምትይዙ ከሆነ ከወር ክፍያው በፊት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ስንት ልጅ ነው የምትጭነው? ሾፌሩ «አቦ፣ አታስቡ» ካለ ማሰብ ጀምሩ። ቁጥሩን ተስማሙ፣ ማንም ልጅ ከሾፌሩ ጎን እንዳይቀመጥ ንገሩት፣ ስልኩንና የታርጋ ቁጥሩን ያዙ። እሱ በሚቀርበት ቀን ማን እንደሚወስዳቸውም ዛሬውኑ ወስኑ።

የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ጃንጥላ ወይም ኮፍያ ይያዝ። ወንዶቹ ጃንጥላ ያፍራሉ፣ ኮፍያ ስጧቸው።

8. ምሳ ዕቃው ውስጥ ምን ይግባ

ሙቀት ምግብ ያበላሻል፤ እኛ ጋ ደግሞ ፈጥኖ። የበሰለ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ሩዝና ፓስታ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለባቸውም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተቋጥሮ ስድስት ሰዓት የሚበላ ምግብ በዚህ ሒሳብ አያልፍም። የሥጋ ፍርፍርን ለቤት ተዉት።

የሚቆየው ምንድን ነው? ደረቅ ዳቦ፣ ቂጣ፣ ቆሎ፣ የባቢሌ ለውዝ፣ ሙዝ፣ ዘይቱን። ዳቦ ውስጥ የለውዝ ቅቤ ወይም ማር ይቀባ። ሳምቡሳ ብትሠሩ የምስር ይሁን፣ በደንብ ቀዝቅዞ ይከደን፤ እሱም ቢሆን ለመጀመሪያው እረፍት እንጂ ለቀትር አይቀመጥ። ማንጎ ከቤት ተልጦ አይሂድ።

ቁርሱን ጠንከር አድርጉት። እንቁላል ያለው ፈጢራ ከማር ጋር ጠዋት የበላ ልጅ እስከ ምሳ አያንቀላፋም። ሻይ ብቻ ጠጥቶ የወጣ ግን ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዓይኑ ይጨፈናል።

ውሃው እንዲቀዘቅዝ የላስቲክ ጠርሙሱን ማታ ግማሹን ሞልታችሁ ፍሪጅ ላይኛው ክፍል ውስጥ አጋድማችሁ አሳድሩ፣ ጠዋት ላዩ ላይ ውሃ ጨምሩበት። እስከ ቀትር አይሞቅም። ልጁ ጠርሙሱን ሳይነካ ከመለሰ ሽንት ቤቱን ጠይቁት። ብዙ ልጅ፣ በተለይ ሴቶቹ፣ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ስለሚያስጠላቸው ሆን ብለው ውሃ አይጠጡም። ይህ ጉዳይ በወላጆች ስብሰባ ላይ ይነሳ።

9. የቤት ሥራና የበርጫ ሰዓት

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው መናገር አይፈልግም። ቤታችን ከሰዓት በኋላ እንግዳ የሚሰበሰብበት፣ ጫት የሚቃምበትና የሚጫወትበት ከሆነ ልጁ የቤት ሥራውን የት ይሠራል? ሳሎን ጭስና ወሬ ነው። «ውሃ አምጣ፣ ሲጋራ ግዛ» ይባላል። ክረምቱን ምንም አልነበረም፣ መስከረም ላይ ግን ቦታና ሰዓት ይለዩ። ወይ በርጫው ሌላ ቤት ይሁን፣ ወይ ልጁ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ የራሱ ጥግና ጠረጴዛ ይኑረው፣ ማንም እንዳይልከው። ቁርዓን ቤት ወይም የቄስ ትምህርት ያለው ልጅ ከሆነ የዚያን ሰዓት አስቀድማችሁ ከኡስታዙ ወይም ከመርጌታው ጋር ተነጋገሩ። ሁለቱ ትምህርቶች ተደራርበው ልጁን አያድክሙት።

10. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ልብስ፣ ቦርሳ፣ ካልሲ፣ የውሃ ጠርሙስ፣ ሁሉም ማታ ይዘጋጅ። ጠዋት አንድ ካልሲ መፈለግ ቤት ያናውጣል።

የመጀመሪያ ጊዜ ሙአለ ሕፃናት የሚገባ ልጅ በር ላይ ቢያለቅስ ተደብቃችሁ አትጥፉ። «ምሳ ሰዓት ላይ እመጣለሁ» ብላችሁ ሳሙትና ሂዱ፣ ባላችሁት ሰዓትም ድረሱ። በመስኮት አትመልከቱት፤ ካያችሁ እንደገና ይጀምራል።

ትልልቆቹን ሲመለሱ «ምን ተማርክ?» አትበሉ። ውሃ ስጡት፣ ይቀመጥ፣ ይብላ። «ከማን ጋር ተቀመጥክ?» ብትሉት ወሬው በራሱ ይመጣል።

ነገሩ መስመር ያዘ ስትሉ ደመራ ይመጣል። መስከረም 16 ያመሻሉ፣ 17 በዓል ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ከተያያዘ ደግሞ ረጅም ዕረፍት ይሆናል። እነዚያን ቀናት መኝታው በአንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ ግድ የለም፣ መነሻው ግን ከአንድ ሰዓት በላይ አይራዘም። በበዓሉ ማግስት ክፍል ካለ፣ በበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ የቀን እንቅልፉን ሰርዙና በጊዜ ይተኛ።